ፍሬው ሳይታይ ስለሚደክም የወንጌል ሠራተኛ

ይህችን ትንሽ ጽሑፍ የምጽፈው በጌታ እርሻ ለሚደክሙ ወንድሞችና እኅቶች ነው፤ ይልቁንም ብዙ ዘመን ዘርተው አንዲት ነዶ እንኳ ላላሰሩት ነው። መከር የበዛለት ሰው ቢያነባት አትጐዳውም፤ ነገር ግን ስጽፋት እርሱን አላሰብሁም።

የአገራችን ገበሬ ጤፉን በሐምሌ ዘርቶ በኅዳር እንዲያጭድ ያውቃል፤ ዝናሙ ቢዘገይበት እንኳ የሚቈጥረው ወር አለው። ለወንጌል ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለ የወር ቍጥር አልተሰጠውም። ዘርቶ ይጠብቃል፤ አንድ ዓመት ያልፋል፤ ሁለተኛውም ያልፋል፤ አምስተኛው ሲያልፍ ልቡ ከእርሱ ጋር መሟገት ይጀምራል። «ወደዚህ ስፍራ የላከኝ እግዚአብሔር ነውን? ወይስ ሰዎች ብቻ ናቸው?» ይላል። ይህን መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 49 ቍጥር 4 የእግዚአብሔር ባሪያ ራሱ ድካሙ ባዶ እንደ ሆነና ጕልበቱ በከንቱ እንዳለቀ ይናገራል፤ ዳሩ ግን በዚያው ቍጥር ፍርዱንና ዋጋውን በአምላኩ ዘንድ ያኖራል። ሁለቱ ነገር ከአንድ አፍ በአንድ ጊዜ መውጣቱን አስተውል። ያዘነው ሰው ኀዘኑን ሳይደብቅ ታመነ።

ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ፊደልንም ወንጌልንም ያገኘሁት በዚያ ነው። ከተጠመቅሁና ትምህርቴን ከጨረስሁ በኋላ ወደ አንድ የደጋ መንደር ተላክሁ። የመንደሩን ስም አልጽፍም፤ ሰዎቹ ዛሬም አሉና። በዚያ ስድስት ዓመት ተቀመጥሁ። ጥዋት ልጆችን አስተምር ነበር፤ በገበያ ቀን ከገበያው ዳር ቆሜ ቃሉን እናገር ነበር፤ በሽተኛ እጠይቅ፣ ለቅሶም እደርስ ነበር። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። ቡና ሲያፈሉ ይጠሩኛል፤ ስናገርም ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኛል፤ ከዚያም «መልካም ተናገርህ፤ የተማረ ሰው ነህ» ብለውኝ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጠመቅ የመጣ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

በየዓመቱ መጨረሻ በመስመር የተከፋፈለ አንድ ወረቀት ይመጣልኝ ነበር። በእርሱም የተማሪዎችን ቍጥር፣ የሰሚዎችን ቍጥር፣ ያመኑትን ቍጥር፣ የተጠመቁትን ቍጥር እሞላለሁ። በመጨረሻዎቹ በሁለቱ ክፍሎች ሁልጊዜ ባዶ ምልክት አደርግ ነበር። በአምስተኛው ዓመት ግን ብዕሩን እንደ ያዝሁ ብዙ ሰዓት ተቀመጥሁ። ከእኔ ጋር የተማረ አንድ ባልንጀራዬ በሌላ ወረዳ አርባ ሰዎች እንደ ተጠመቁለት ሰምቼ ነበርና ልቤ ተቃጠለ። ከሰሚዎች ክፍል ዘጠኝ ሰዎችን አንሥቼ ያመኑ ወደሚለው ክፍል አዛወርኋቸው። ማን መጥቶ ይመረምራል? ሰሚና አማኝ ምን ያህል ይራራቃሉ? እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፤ ሲነጋም ወረቀቱን ቀድጄ በሌላ ወረቀት እውነቱን ጻፍሁ።

ከሐሰቱ ቍጥር ይልቅ የሚያሳፍረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ፍሬ ባለማየቴ ሰዎቹን መጥላት ጀምሬ ነበር። ሰላም ስላቸው በልቤ እቈጣቸው ነበር። አንዲት ሽማግሌ ጎረቤቴ ታመው ልጠይቃቸው ሄድሁ፤ ከመደባቸው አጠገብ ተቀምጬም ሕመማቸውን አላሰብሁም፤ «እኒህ እንኳ ቢያምኑ አንድ ይሆኑልኝ ነበር» እያልሁ አስብ ነበር እንጂ። እርሳቸው ግን እጄን ይዘው «ልጄ፣ ከስተሃል፤ እህል አትበላምን? ምን ያስጨንቅሃል?» አሉኝ። በሽተኛዋ ጠያቂውን ጠየቁ። ወደ ቤቴ ስመለስ በዚያች ቀን ወንጌል የሰበከው ማን እንደ ሆነ ገባኝ።

እንግዲህ ስለ እግዚአብሔር አሳብ ከመናገራችን በፊት ራሳችንን እንመርምር። መከር ሲጠፋ ፈጥኖ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ማለት የሚወድድ ሰው አለ። ቃሉ የእምነት ቃል ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የስንፍና መከዳ ነው። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ከቍጥር 6 እስከ 9 ስለ አንዲት በለስ ምሳሌ ተናገረ። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ አጣባት፤ ሊያስቈርጣትም ወደደ። አትክልተኛው ግን አንድ ዓመት ይተዋት ዘንድ ለመነ፤ ይህንም የለመነው እጁን አጣጥፎ ሊጠብቃት አይደለም፤ ዙሪያዋን ሊቈፍር፣ ፍግም ሊያደርግባት ነው እንጂ። ሳይቈፍር «የጌታዬ ፈቃድ ነው» የሚል አትክልተኛ በጌታው ላይ ያመካኛል።

እኔም መቈፈር የሚገባኝን ሳልቈፍር ሁለት ዓመት አሳለፍሁ። በትምህርት ቤት የተማርሁትን የመጽሐፍ አማርኛ ይዤ ሄጄ ነበር፤ በገበያም በዳኛ ፊትም ሰዎቹ አማርኛ ይናገራሉና ይበቃኛል አልሁ። በምድጃ ዳር ግን፣ እናት ልጅዋን ስታባብል፣ ባልና ሚስት ሲመካከሩ፣ ለሞተ ሰው ሲያለቅሱ፣ የሚናገሩት በሌላ ቋንቋ ነበር። ስለዚህ ነገሬን እንደ ዳኛ ነገር ሰሙት፤ እንደ እናት ነገር አልሰሙትም። ይህን ያስታወቀኝ ከተማሪዎቼ አንዱ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ «መምህር፣ እግዚአብሔር የእኛን ቋንቋ አያውቅም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁ መምህሬ ሆነ፤ እኔም ተማሪው ሆንሁ።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ አስቀድመህ መርምር። ኑሮህ ከምትናገረው ቃል ጋር ይጣላልን? የተበደርኸውን ትመልሳለህን? በቤትህ የምትሠራው ሴት ስለ አንተ ምን ትላለች? ሰዎቹ እንቢ ያሉት ወንጌልን ሳይሆን የአንተን ቍጣና ስስት እንደ ሆነ፣ ይህን የመስቀል ነቀፌታ ብለህ አትጥራው፤ ንስሐ ግባ እንጂ። ነገር ግን ከቈፈርህ በኋላ፣ ፍግም ካደረግህ በኋላ፣ ምድሩ ዝም ቢልስ? የዚህ ትምህርት ዋና ነገር በዚህ ይጀምራል።

ኢሳይያስ በምዕራፍ 6 በተጠራ ጊዜ ሕዝቡ እንደማይሰሙት አስቀድሞ ተነገረው። እርሱም እስከ መቼ ነው ብሎ ጠየቀ፤ የተሰጠውም መልስ የሚያጽናና አልነበረም፤ ከተሞች ባዶ እስኪሆኑ ድረስ ነው ተባለ። በመጨረሻው ብቻ ከተቈረጠ ዛፍ ስለሚቀር ጕቶ ተነገረው፤ በጕቶው ውስጥም የተቀደሰ ዘር አለ። ኤርምያስም በምዕራፍ 25 ቍጥር 3 ሃያ ሦስት ዓመት እንደ ተናገረና እንዳልሰሙት ይቈጥራል። እነዚህን ሁለት ነቢያት እግዚአብሔር ስላልወደዳቸው ወይም ስለ ሳተባቸው ያልተሰሙ አይደሉም። መልእክቱም ያው፣ ላኪውም ያው ነበር። እንግዲህ የሰሚዎች ማነስ ብቻውን የላኪውን መራቅ አያስረዳም፤ የሰሚዎች መብዛትም ብቻውን የላኪውን መቅረብ አያስረዳም። ይህ ሁለተኛው ነገር አርባ ለተጠመቁለት ወንድም የሚጠቅም ነው፤ አንብቦ ከሆነ ይህን ብቻ ይውሰድ።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ከቍጥር 26 ጀምሮ ያለውን ምሳሌ ደግሞ ተመልከት። ሰውዬው ዘሩን ይጥላል፤ ይተኛል፤ ይነሣል፤ ዘሩም ይበቅላል፤ እንዴት እንደሚበቅል ግን እርሱ አያውቅም። አለማወቁ በምሳሌው ውስጥ እንደ ጕድለት አልተቈጠረበትም። መተኛቱም አልተነቀፈም። እኛ ግን ዘሩ በቅሎ እንደ ሆነ ለማየት በየማለዳው አፈሩን እንገልጣለን፤ እንዲህ የሚያደርግ ገበሬ ግን ዘሩን በገዛ እጁ ያደርቀዋል።

አሁን ከመጽሐፍ ቅዱስ ወደ አገራችን ታሪክ እንለፍ፤ በዚህ ነገር ላይ ከእርሱ የሚበልጥ አስረጂ አላገኘሁምና። የማነሣቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዮሐን ክራፕፍ የተባለ የጀርመን አገር ሰው ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ ተቀምጦ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ወንጌልን ሊያደርስ አሰበ፤ ነገር ግን በሩ ተዘጋበት፤ ወደ ሸዋ እንዳይመለስም ተከለከለ። አሳቡ ግን በሌሎች ልብ አደረ። በ1866 ከስዊድን አገር ሦስት መልእክተኞች ወደ ምጽዋ ወረዱ፤ የላካቸውም በ1856 የተመሠረተው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ነው። ምጽዋን የፈለጓት ለማለፊያ ብቻ ነበር፤ ዓላማቸው ወደ ኦሮሞ አገር መድረስ ነው። ዘመኑ ግን የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት የሚናወጥበት ዘመን ነበርና መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ አገኙት። ስለዚህ በምዕራብ በኩል ወዳለው ወደ ኵናማ ምድር ሄዱ። በዚያም ቆላው በንዳድ በላቸው፤ ከእነርሱና ኋላ ከመጡት ባልንጀሮቻቸው ብዙዎች ሞቱ፤ የሰው እጅ የገደለውም አለ። በ1870 የቀሩት ተሰብስበው ወደ ምጽዋ ተመለሱ። ወደ ኦሮሞ ሊደርሱ መጥተው ከአራት ዓመት በኋላ በወረዱበት ወደብ ተገኙ። በዚያ ዓመት አንድ ሰው ሒሳባቸውን ቢመረምር ምን ይጽፍ ነበር? እኔ የነበርሁበትን ወረቀት ቢሰጧቸው በሁለቱ ክፍሎች ምን ይሞሉ ነበር?

ሌላ ሥራ ስላጡ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ይህ ለእነርሱ እንደ ማረፊያ ነበር፤ መንገዱ እስኪከፈት ድረስ።

በዚያው በ1870 አንድ የኦሮሞ ልጅ በምጽዋ ከባርነት ነፃ ወጣ። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር የተወለደ ነው፤ ስሙም ሂካ ይባል ነበር። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ፤ ከዚያም ከእናቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ እስከ ባሕር ዳር ደረሰ። ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ሰው ነፃ አውጥቶ ለስዊድናውያን ትምህርት ቤት ሰጠው። መልእክተኞቹ ወደ ኦሮሞ የሚያደርስ መንገድ ሲፈልጉ የኦሮሞ ልጅ ወደ በራቸው መጣ። በ1872 በፋሲካ ቀን ተጠመቀ፤ ኦኔሲሞስም ተባለ፤ ይህም ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና ስለ እርሱ የጻፈለት የባሪያው ስም ነው። ሂካ የሚለው የቀድሞ ስሙ በኦሮምኛ ከመፍታት ጋር የተያያዘ ነው፤ እንደ አማርኛችን ሁሉ እስራትን መፍታትም ቃልን መፍታትም በአንድ ቃል ይነገራል።

አንባቢዬ «እንግዲህ ከዚህ በኋላ ሁሉ ቀና» ብሎ ያስብ ይሆናል። አልቀናም። ኦኔሲሞስ ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን አገር ተምሮ ተመለሰና ወዲያው በሱዳን በኩል ወደ ሕዝቡ ሊሄድ ተነሣ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ በዚያም ጕዞ ከመልእክተኞቹ አንዱ ሞተ። ሁለተኛ ጊዜ በታጁራ በኩል ዞሮ እስከ እንጦጦ ደረሰ፤ የወለጋ ተራሮች ከዚያ ሩቅ አልነበሩም፤ ነገር ግን እንዲያልፍ አልተፈቀደለትም። ተመልሶ እንደ ገና ወደ ባሕር ዳር ወረደ። በዚያ፣ በምጽዋ አጠገብ ባለችው በእምኩሉ፣ ለሕዝቡ መናገር ያልተፈቀደለት ሰው ለሕዝቡ መጻፍ ጀመረ።

በዚህ ደግሞ ሌላ ችግር ገጠመው። ከእናቱ ቤት በሕፃንነቱ የተለየ ነውና የአገሩን ቋንቋ የሚያውቀው እንደ ልጅ ነበር፤ ለነቢያትና ለመዝሙራት የሚበቃ ቃል ጐደለው። በ1886 የጣልያን መርከብ ባሪያ የጫነ ጀልባ በቀይ ባሕር ይዞ ሰዎቹን ነፃ አወጣ፤ ከእነርሱም መካከል አስቴር ጋኖ የተባለች የኦሮሞ ልጅ ነበረች። እርስዋም ወደዚያው ትምህርት ቤት ገባች፤ የጐደለውንም ቃል በብዙ ድካም እየሰበሰበች አቀረበችለት። አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893 በእምኩሉ ታተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። በእንጦጦ ያለፈቃድ የተመለሰው ሰው ያን ጊዜ አልፎ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ይህን መጽሐፍ መቼ በጻፈው ነበር? እኔ አልመልስም፤ ነገር ግን በሩ በተዘጋበት ጊዜ ያለቀሰው ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ወደ ወለጋ አስቀድሞ የደረሰውም ስዊድናዊ አልነበረም፤ ኦኔሲሞስም አልነበረም። የሐማሴን ሰው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በ1898 በወለጋ ቦጂ ደረሰ። ይኸውም ሦስቱ መልእክተኞች በምጽዋ ከወረዱ ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሰባት ዓመት ደክሞ በ1905 በእሳት አደጋ ሞተ። ኦኔሲሞስ በ1904 ወደ ነቀምቴ ገብቶ በሕዝቡ ቋንቋ ማስተማር ጀመረ፤ እንደ ገናም ተከሰሰ፤ እንዲያስተምር እንጂ እንዳይሰብክ ታዘዘ፤ ፈቃድ ያገኘውም በ1916 በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። በ1931 ሞተ። ዛሬ በወለጋ ያሉትን ጉባኤዎች የሚያይ ሰው እነዚያን በኵናማ ቆላ የተቀበሩትን አያስታውሳቸውም፤ ስማቸውን የሚያውቅም ጥቂት ነው።

በሐማሴንም ካህናት መጽሐፍ ቅዱስን በማንበብ የነቁት ከየት አግኝተው ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ያነብቡት የነበረው የአማርኛ መጽሐፍ ወደ ካይሮ ይመልሰናል። በዚያ አባ አብርሃም፣ አቡ ሩሚ የሚባለው ኢትዮጵያዊ፣ አሰሊን ከሚባል የፈረንሳይ ቈንስል ጋር ዐሥር ዓመት ያህል ተቀምጦ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ ተረጐመ። ከመታተሙ በፊት በዚያው በካይሮ በወረርሽኝ በሽታ ሞተ። ጽሑፉን በ1820 ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዙት፤ አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ መላው መጽሐፍ በ1840 ታተሙ። አቡ ሩሚ ከታተመው መጽሐፍ አንዲት ገጽ አላየም። ስለ ሐማሴን ካህናትም፣ ስለ ቦጂም አልሰማም።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ማስጠንቀቅ አለብኝ፤ ይህን ታሪክ በስብሰባ ስንናገር ብዙ ጊዜ ስተን እንናገረዋለንና። «ሂካ እንዲድን መሰረቁ ያስፈልግ ነበር» አትበል። ልጅን ከእናቱ የሰረቀ ሰው ክፉ አድርጎአል፤ ክፋቱም ክፋት ሆኖ ይኖራል። ዮሴፍ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 50 ቍጥር 20 ወንድሞቹን ሲያጽናና ክፉ ማሰባቸውን አልካደላቸውም፤ የእግዚአብሔር አሳብ ከእነርሱ አሳብ እንደ በለጠ ነገራቸው እንጂ። በኵናማ የሞቱትንም ስለ ምን እንደ ሞቱ እኛ አንፈታውም። የእያንዳንዱን መቃብር ምክንያት ለማስረዳት የሚቸኵል ሰባኪ ሐዘንተኛውን ያቈስላል፤ እግዚአብሔርንም ያልተናገረውን ያናግረዋል።

ደግሞም ይህን ታሪክ ሰምተህ «እንግዲያስ ሠላሳ ሁለት ዓመት ብታገሥ ለእኔም ይታይልኛል» አትበል። ይህ መታመን አይደለም፤ ንግድ ነው። ትዕግሥትን ሽጦ ፍሬን ሊገዛ የሚወጣ ሰው ገበያው ሲፈርስ በእግዚአብሔር ላይ ያጕረመርማል። በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 11 ቍጥር 39 የተመሰከረላቸው ሰዎች የተስፋውን ነገር ሳያገኙ እንደ ሞቱ ተጽፎአል። እምነታቸው ግን አልተነቀፈም። በእግዚአብሔር አሳብ መታመን ማለት አሳቡ እኔ ወደምወድደው እንደሚያደርሰኝ ማመን አይደለም፤ እኔ ባላየውም፣ በእኔ በኩል ባያልፍም፣ ሥራው የእርሱ እንደ ሆነ ማመን ነው። ይህ በአፍ ቀላል ነው። በዓመቱ መጨረሻ ወረቀቱ ሲመጣ ግን ከባድ ነው።

እንግዲህ ወረቀቱን በእውነት ሙላው። ባዶ ከሆነ ባዶ ብለህ ጻፍ፤ እግዚአብሔር በሐሰት ቍጥር የሚከብር አምላክ አይደለም። ላኪዎችህ ተቈጥተው ደመወዝህን ቢቀንሱብህ እንኳ እውነቱ ይሻልሃል። ላኪዎችም ደግሞ ይስሙ፤ ቍጥር ላበዛው ብቻ ደስታችሁን የምታሳዩ ከሆነ፣ ድሃ ሠራተኛ ቤቱ ልጆች እንዳሉት አስቡ፤ እንዲዋሽ እናንተ ራሳችሁ ታስተምሩታላችሁ።

ባልንጀራህ ሲያጭድ ሰምተህ ልብህ ቢቃጠል፣ የኤርምያስን ጸሓፊ ባሮክን አስብ። ንጉሡ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ ተቀምጦ ባሮክ የጻፈውን መጽሐፍ እየቀደደ በእሳት አቃጠለው፤ ይህ በምዕራፍ 36 አለ። ባሮክ ያን መጽሐፍ እንደ ገና ጻፈው። በምዕራፍ 45 ደግሞ ኀዘንና ድካም እንደ በዛበት ሲናገር እናገኘዋለን፤ እግዚአብሔርም ለራሱ ታላቅ ነገር እንዳይፈልግ መከረው፤ በሚሄድበትም ሁሉ ነፍሱን ሰጠው። ሌላ አልሰጠውም። ከቅናት ሁሉ የሚከፋ በጌታ ሥራ ስም የሚመጣ ቅናት ነውና፣ ለባልንጀራህ በስሙ እየጠራህ ጸልይለት፤ እኔ ይህን ሳደርግ የመጀመሪያዎቹ ቀኖች እንደ መራራ መድኃኒት ነበሩብኝ።

ሰዎቹንም ውደድ። እንዲያምኑልህ ብለህ አይደለም። ባያምኑም ጎረቤቶችህ ናቸው፤ ሲታመሙ ጠይቅ፤ ሲሞቱባቸው መቃብር ቈፍር፤ እህላቸው ሲሰበሰብ ማጭድ ይዘህ ውጣ። ይህን ለማጥመጃ የምታደርገው ከሆነ ይታወቅብሃል፤ ገበሬ ከብት ሲገዛ ጥርስ አይቶ የሚገዛ ሰው ነው፤ የአንተንም ፈገግታ ያውቀዋል።

ስለ መሄድስ? ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ መሄድ ሁልጊዜ ሽሽት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 በእስያ እንዳይናገር ተከለከለ፤ ወደ ቢታንያም ሊገባ ሞክሮ አልተፈቀደለትም፤ በመጨረሻ ወደ ፊልጵስዩስ ደረሰ። ግን ጳውሎስ ሲሞክር ነው የተከለከለው፤ ሲሸሽ አይደለም። በቍጣ አትሂድ። ሰዎቹን ረግመህ አትሂድ። ሂድ ሳትባል በጨለማ አትሂድ።

እኔ በስድስተኛው ዓመት መጨረሻ ወደ ሌላ ስፍራ እንድዛወር ታዘዝሁ። በዚያ ጊዜ ከእንግዲህ ልቈይ እወድድ ነበር፤ ቋንቋውን ገና መናገር ጀምሬ ነበርና። ከመውጣቴ በፊት ባለው ሳምንት የኤርምያስን ምዕራፍ 32 አነበብሁ። የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከብቦ ሳለ፣ ኤርምያስም ታስሮ ሳለ፣ በዓናቶት ያለችውን እርሻ በዐሥራ ሰባት ሰቅል ብር ገዛት፤ በምስክሮች ፊት ብሩን መዘነ፤ የውሉንም ጽሑፍ ለብዙ ዘመን እንዲቈይ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠው። ምድሪቱ በጠላት እጅ ነበረች። ኤርምያስም በኋላ ወደ ግብፅ ተወሰደ፤ ያችን እርሻ አረሳት ተብሎ አልተጻፈም።

በማግሥቱ ወደ ሽማግሌዋ ጎረቤቴ ቤት ሄጄ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ሰጠኋቸው። «ልጄ፣ እኔ ማንበብ አላውቅ፤ ምን አደርገዋለሁ?» አሉኝ። «ያስቀምጡልኝ፣ እማማ» አልኋቸው። በአሮጌ ነጠላ ጠቀለሉትና ከእህል ማስቀመጫው በስተኋላ ባለው ሣጥናቸው አኖሩት። ጥቂት ቈይተውም ለመንገዴ ዳቦ ሰጡኝ። ኋላ እርሳቸው እንደ ሞቱ ሰማሁ፤ ስለ መጽሐፉ ግን እስከ ዛሬ የሰማሁት ነገር የለም።